ንፋሱ አራት ሰዓት ላይ ይዞራል

የወርቅውሃ አዲስ አበባ ሳለች ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የአየር ጠባይ ክፍል ውስጥ ሰባት ዓመት ሠርታለች። ከየጣቢያው በሬዲዮ የሚመጣውን የግፊትና የንፋስ ቁጥር ካርታ ላይ ታሰፍራለች፣ መስመሮቹን ትስላለች፣ ከግርጌው ሰዓቱን ጽፋ ትፈርማለች። አብራሪዎቹ ያንን ወረቀት አምነው ይነሣሉ። ባሕር ግን በዓይኗ አይታ አታውቅም ነበር። መጀመሪያ ያየችው ወደ አሜሪካ ስትመጣ ከአውሮፕላን መስኮት ነው፤ ያውም እንቅልፍ ወስዷት አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ቀስቅሷት።

በፈረንጆቹ 1986 ዓ.ም. ጥር ላይ አርባ አንድ ዓመት ሞልቷት ነበር። ኦክላንድ ውስጥ፣ ሌክ ሜሪት አጠገብ ካሉት ፎቆች በአንዱ ከባሏ ከአምሐ ጋር ትኖር ነበር። አብሮ መኖር ከተባለ። አምሐ ሆቴል በር ላይ ሌሊት ዘበኛ ነው፤ እሱ ሲገባ እሷ ትወጣለች። እሷ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሳን ሆዜ የአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት ትሠራለች። እስከ ፍሪሞንት በባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ። የሚነጋገሩት ፍሪጁ ላይ በሚለጠፍ ብጣሽ ወረቀት ነበር፦ «ወጥ አለ፣ አሙቀህ ብላ።» «የመብራቱ ቢል መጥቷል።» «እሑድ አትቀስቅሺኝ።»

በዚህ ላይ የጠዋት ሥራ ነበራት። ዳግ የሚባል አሜሪካዊ፣ ማዕበል ላይ በቦርድ የሚንሸራተቱ ሰዎች የሚለብሱትን የጎማ ልብስ ይጠግናል። ከሱቁ ጋር አንድ የስልክ መስመር አለው፤ ሰርፍ የሚባለውን ይህን መንሸራተት የሚወዱ ሰዎች ጠዋት ጠዋት እዚያ ቁጥር ላይ ደውለው የዕለቱን ትንበያ ከቴፕ ይሰማሉ። ማዕበሉ ስንት ጫማ ነው፣ በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ስንት ሰከንድ አለ፣ ንፋሱ ከየት ይነፍሳል፣ ውሃው መቼ ከዳሩ ይሸሻል። የወርቅውሃን እንግሊዝኛ ታስተምራት የነበረችው ሴት የዳግ እህት ነች፤ ቦሌ ምን ትሠራ እንደነበር ሰምታ ያገናኘቻቸው እሷ ናት።

ሥራው ቀላል ይመስላል። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሱቁን ትከፍታለች፣ በፋክስ የመጣውን ካርታ ታነባለች፣ ባሕር ላይ ከታሰሩት መለኪያዎች የመጣውን ቁጥር ከሬዲዮ ትጽፋለች፣ አምስት ስድስት መስመር አዘጋጅታ ጠረጴዛው ላይ ትተዋለች። ዳግ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይመጣና በራሱ ድምፅ ቴፕ ላይ ያነበዋል። «ያንቺ አክሰንት ሰው ያደናግራል» ብሏታል ገና በመጀመሪያው ቀን፣ በክፋት ሳይሆን እንደ ተራ ነገር። እሷም እንደ ተራ ነገር ተቀበለችው። ደክሟት ስለነበር አልተከራከረችም።

የሚደውሉት ሰዎች ሁሉ ማወቅ የሚፈልጉት ስለ አንድ ቦታ ነው። ሃፍ ሙን ቤይ ከሚባለው የባሕር ዳር ከተማ በታች፣ ከባሕሩ ዳር አራት መቶ ሜትር ገባ ብሎ፣ ከውሃው በታች የተኛ ሰፊ አለት አለ፤ ሪፍ ይሉታል። ማዕበሉ ከጥልቁ መጥቶ እዚያ አለት ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ከዚያ ይወድቃል። የወርቅውሃ ንፋስና ግፊት ታውቃለች፤ አለት ላይ ውሃ ምን እንደሚሆን ግን አታውቅም። ይህንን ያስተማሯት ጋሽ ኪዳነ ናቸው።

ጋሽ ኪዳነ ከእሷ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ የስድሳ ስድስት ዓመት ሰው ናቸው። ምጽዋ ወደብ መርከብ እየመሩ የሚያስገቡ ፓይለት ነበሩ፤ እንግሊዝኛቸውም ከመርከብ ካፒቴኖች የተማሩት የንፋስና የውሃ እንግሊዝኛ ነው። አሁን የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃሉ። ደረጃ ላይ ሲገናኙ የነገውን ትንበያ ትነግራቸዋለች፣ እሳቸው በእጃቸው እያስመሰሉ ያሳዩዋታል፤ ውሃው ሲሸሽ አለቱ እንዴት እንደሚቀርብ፣ ማዕበሉ ከበስተጀርባው ንፋስ ሲገፋው እንዴት ያለ ጊዜው እንደሚሰበር። «ማዕበሉ ትልቅ መሆኑ ብቻ አይገድልም» ይሏታል። «ሰዓቱን ያላወቀው ሰው ነው የሚሞተው።»

በየካቲት የመጀመሪያው ቅዳሜ ዳግ ውድድር አዘጋጀ። ከሩቅ ከተማ ሁሉ ሰዎች መጥተዋል፤ ፈቃዱ የተሰጠው ለዚያ አንድ ቀን ብቻ ነው። ዓርብ ጠዋት ካርታው ላይ ከምዕራብ የሚመጣ፣ ኃይለኛ ንፋስ የሚቀድመው የዝናብ ግንባር አየች። ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ደግማ ስታየው ፈጥኗል። ስለዚህ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ማዕበል አሥር ጫማ፣ እየጨመረ፣ አሥራ ስምንት ሰከንድ። ጠዋት ቀላል የምሥራቅ ንፋስ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ወደ ደቡብ ዞሮ ይበረታል። ውሃው አምስት ሰዓት ላይ ይሸሻል። ከሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ ሪፉ ላይ መሆን አደገኛ ነው።» ሰዓቱን ጽፋ ፈረመችበት፣ ከሥሩ ካርቦን አድርጋ የምታስቀረውን ቅጂ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ይህን የምታደርገው ማንም ሳይጠይቃት ነው፤ ከቦሌ ይዛው የመጣችው ልማድ ነው።

ወደ ቤቷ ተመልሳ ልብሷን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ጋደም አለች። አምሐ ገብቶ ተኝቷል። ቅዳሜ የመጦሪያው ሥራ ስለሌላት እስከ ቀትር ልትተኛ አስባ ነበር። አንድ ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ።

ጋሽ ኪዳነ ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ መስመሩ ደውለው ይሰማሉ፤ እሳቸው የሚያውቁትን ነገር አንድ ፈረንጅ ሲናገረው መስማት ያስደስታቸው ነበር።

«የወርቅውሃ፣ ማታ ደረጃው ላይ ንፋሱ ጠዋት ይዞራል አላልሽኝም?»

«ብያለሁ። ዛሬም አራት ሰዓት ላይ ብዬ ጽፌያለሁ።»

«ቴፑ ከሰዓት በኋላ ነው የሚለው። አደገኛ የሚለውም የለም።»

እሷ ራሷ ደወለች። የዳግ ድምፅ ደስ ብሎት ማዕበሉን ዘረዘረ፣ ከዚያ ንፋሱ ከሰዓት በኋላ እንደሚነሣ ተናግሮ ለሰዎቹ መልካም ቀን ተመኘላቸው። ሱቁ ደወለች፤ የሚያነሣ የለም። ሁሉም ባሕሩ ዳር ናቸው። ስልኩን ይዛ ትንሽ ቆመች። ያን ጊዜ ከምንም በላይ የተሰማት ድካም እንደነበር በኋላ አልደበቀችም። የእኔ ሥራ ወረቀቱን መጻፍ ነው፣ ጽፌያለሁ፣ ልተኛ ብላ አሰበች። አምሐ ከብርድ ልብሱ ሥር ቀና ብሎ ምን ሆናችሁ አለ፤ ስትነግረው ተወት አድርጊው፣ አንቺም ሰው ነሽ፣ እየሞትሽ ነው አላት። እውነቱን ነበር። ጋሽ ኪዳነ ግን በሩ ላይ የመኪናቸውን ቁልፍ ይዘው ቆመው ነበር። ጫማዋን አደረገች።

የባሕር ወሽመጡ ላይ ያለውን ረጅም ድልድይ ተሻግረው፣ ኮረብታውን ወጥተው ወርደው ሃፍ ሙን ቤይን ሲያልፉ ሦስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ከባሕሩ በላይ ያለው ገደል ጫፍ ላይ ድንኳን ተተክሏል፣ ሰዎች ብርድ ልብስ ለብሰው ተቀምጠዋል። የወርቅውሃ በየቀኑ ስለ እሱ የምትጽፈውን ቦታ ያን ቀን ነበር መጀመሪያ ያየችው። ውሃው ለስላሳና ግራጫ ነው። ከሩቅ አንድ መስመር ይነሣል፣ ሪፉ ላይ ሲደርስ ቤት ያህል ሆኖ ይቆማል፣ ከዚያ ሲወድቅ ድምፁ እግር ሥር ይሰማል። ስድስት ሰዎች ውሃው ውስጥ ናቸው፤ ከገደሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ይመስላሉ። በስተደቡብ ሰማዩ ጠቁሯል።

ዳግን በውድድሩ ዳኞች ጠረጴዛ አጠገብ አገኘችው። ሲያያት ደነገጠ። ለምን እንደለወጠው ስትጠይቀው ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም፤ አንድ ሁለት ሰዓት ምን ልዩነት ያመጣል ብሎ እንዳሰበ፣ እውነቱን ቢያነበው ግማሹ ሰው እንደማይመጣ ነገራት። አሁን አስወጣቸው አለችው። ሁለት ዙር ብቻ ቀርቷል፣ ንፋሱም ገና አልመጣም፣ ግማሽ ሰዓት ስጪኝ አላት። እሷ በተሰባበረ እንግሊዝኛ እንደገና ማስረዳት ጀመረች፤ ሲደክማት ቃላቱ ይጠፉባታል፣ ያን ጊዜም ጠፉባት።

ጋሽ ኪዳነ ክርክሩን አልጠበቁም። ዙር ሲያልቅ የሚነፋው ጡሩምባ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ቀይ ቆርቆሮ፣ ሲጫኑት የሚጮህ። እንደ ራሳቸው ዕቃ አነሡት፣ ገደሉ ጫፍ ድረስ ሄዱ፣ ሦስት ጊዜ ረዘም አድርገው ነፉት። አንዱ ዳኛ ሊቀማቸው ሲሮጥ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙት።

«ሰው ውሃ ውስጥ ነው» አሉት በእንግሊዝኛ። «መጀመሪያ ይውጡ። ከዚያ ፖሊስ ትጠራለህ።»

ውስጥ ያሉት ዙሩ አለቀ ብለው መመለስ ጀመሩ። አራቱ አንዱን ማዕበል ይዘው ወደ ዳር መጡ። ሁለቱ የመጨረሻ አንድ ማዕበል እንያዝ ብለው ቀሩ። ንፋሱ ያን ጊዜ መጣ፤ የድንኳኑ ጨርቅ ወደ ሰሜን ተወጥሮ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ለስላሳው ውሃ ሻከረ። የወርቅውሃ ሰዓቷን አየች። ለአራት ሰዓት ሃያ አምስት ደቂቃ ይቀራል። እንኳን ትክክል ሆንኩ የሚል ስሜት አልተሰማትም።

ከቀሩት አንዱ እየቀዘፈ ወጣ። ሌላዋ ማዕበሉ ላይ ስትነሣ ከሥሯ ተሰብሮ ጣላት። አለቱ ለአፍታ ጥቁር ሆኖ ታየ። ቦርዱ ብቻውን ብቅ አለ፣ ከዚያ ሴትዮዋ በአንድ እጅ ስትዋኝ ታየች። አራቱ የወጡት ሰዎች ተመልሰው ገብተው አመጧት። ትከሻዋ ተሰብሯል፣ ጭኗ በአለቱ ተቀዷል። ሊንዳ ትባላለች፤ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነች። አምቡላንሱ እስኪመጣ ጋሽ ኪዳነ ኮታቸውን አልብሰዋት አጠገቧ ተንበርክከው ነበር። ዳግ ጠረጴዛው ጋ ቆሞ ወረቀቶቹ በንፋስ ሲበተኑ ያያል፤ አንዱንም አልሰበሰበም።

ሰኞ ጠዋት ሱቁ ስትገባ ሁለት ደንበኞች ንፋሱ በድንገት ነው የመጣው፣ ትንበያው ተሳስቶ ነው ሲሉ ሰማች። ዳግ አላረማቸውም። እሷም የዕለቱን ጽፋ ወጣች። ማክሰኞና ረቡዕም እንዲሁ አደረገች። ማታ ማታ ባቡሩ ውስጥ ዓይኗን ጨፍና ጉዳዩን ልትረሳው ትሞክራለች፤ እንቅልፍ ግን አይወስዳትም። ሐሙስ ወደ መጦሪያው ደውላ አሞኛል አለች፤ በሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዋ ነው። ሊንዳ የተኛችበት ሆስፒታል ሄደች።

ሊንዳ ወዲያው አላወቀቻትም። የጡሩምባው ሽማግሌ ጓደኛ ነኝ ስትላት ፊቷ ፈካ አለ፤ እሳቸው ባይነፉ ስድስታችንም እዚያ ነበርን አለች። ከዚያ ትንበያው መሳሳቱ ያጋጥማል፣ ማንንም አልወቅስም አለቻት። የወርቅውሃ ቅጂውን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻት። ሊንዳ በደህናው እጇ ይዛ ቀስ ብላ አነበበችው፤ ፊርማውንና ሰዓቱንም ጭምር።

«ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን ራስሽ አታነቢውም?»

«አክሰንቴ ሰው ያደናግራል ተባልኩ።»

ሊንዳ ወረቀቱን ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠችው። «አራት ሰዓት የሚለውን ብትናገሪ ኖሮ ይገባኝ ነበር» አለች።

የወርቅውሃ በማግስቱ ለዳግ ነገረችው። ረጅም ንግግር አልነበረም፤ ለዚያ የሚሆን ጉልበት አልነበራትም። ወይ እኔ አነበዋለሁ፣ ወይ ሌላ ሰው ፈልግ አለችው፣ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ዘጠኝ ቀን ሙሉ እስከ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኛች። አምሐም ሳይተኛ ጠብቋት ቁርስ አብረው በሉ፤ ብዙም ባይነጋገሩም ፍሪጁ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ቀረ። መስመሩ ላይ ዳግ ከጋዜጣ ያገኘውን ያነብ እንደነበር ጋሽ ኪዳነ ነገሯት። ሊንዳ በበኩሏ የተወችላትን ቅጂ ለጓደኞቿ አሳይታለች፤ ወደ ሱቁ የሚመጣው ሰውም ቀነሰ።

በአሥረኛው ቀን ዳግ ራሱ መጣ። ከውጭ የበሩን ደወል ደውሎ ወደ ታች ውረጂ አላት። የፋክሱ ማሽን በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ መኪናው ውስጥ ነበር፤ ቴፑም አለ። ከቤት ሆነሽ ሥሪው፣ አንቺ አንብቢው፣ ለሊንዳም እውነቱን ነግሬያታለሁ አለ። ይቅርታም ጠየቃት። የወርቅውሃ ደስ አላላትም፣ አልተቆጣችም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንደገና መነሣት እንዳለባት ብቻ ነበር የምታስበው። ከዚያ በሩን ያዝልኝ አለችው፤ ማሽኑን በሁለት ሆነው ደረጃውን አወጡት፣ መስኮቱ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት።

በማግስቱ አራት ጊዜ ቀዳች። በመጀመሪያው ድምፅዋ ጠፋ፣ በሁለተኛው አምሐን ሳል ያዘው፣ በሦስተኛው ንፋሱን ረሳች። በአራተኛው ሁሉንም ተናገረች፦ ማዕበል አምስት ጫማ፣ አሥራ አንድ ሰከንድ፣ ቀላል የሰሜን ምዕራብ ንፋስ ቀኑን ሙሉ። በመጨረሻ ስሟንና ሰዓቱን ጨመረች። ቴፑን አጥፍታ እንደገና ሰማችው። ስሟን ስትናገር ትንሽ ፈጥናለች፣ የቀረው ግን ይሰማል። ከዚያ አምሐ አጠገብ ገብታ ተኛች።