ጉበቷም በግራ ይሁን

ደቅሲሳ የልጁን ሁለት እግሮች ግጥም አድርጎ ይዟል። ዶክተር ትንቢት ሆዷ ላይ ቅባቱን ስታፈስባት፣ የአራት ዓመቷ ሆሳዕና «ይቀዘቅዛል አባቢ» እያለች ትስቃለች። እሱ ግን ሳቅ ከየት ይምጣለት።

ነገሩ የጀመረው በሳል ነው። ጎሬ ከተማ፣ እሱ ልብስ ከሚሰፋበት ቤት አጠገብ ወዳለው ክሊኒክ ወሰዳት። ነርሷ ማዳመጫውን በግራ ደረቷ ላይ ብታደርግ ብትለጥፍ የልቧ ምት ከሩቅ ሆነባትና «መቱ ሆስፒታል ውሰዳት» አለችው። መቱ ራጅ ተነሳች። ፊልሙ ተገልብጦ ይሆናል ብለው ደግመው አነሷት፤ ያው ነው። የልጅቷ ልብ ያለው በቀኝ በኩል ነበር።

ዶክተሯ ምንም አልደበቀችውም።

«ልቧ ብቻውን ዞሮ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሌላ የልብ ችግር አብሮት ይኖራል፤ አዲስ አበባ እንልካታለን። ጉበቷም ጨጓራዋም አብረው ዞረው ከሆነ ግን አብዛኞቹ በጤና ነው የሚኖሩት። አሁን በአልትራሳውንድ የማየው እሱን ነው።»

እንግዲህ ሰው ጤና ይለምናል፣ ልጅ ይለምናል። ደቅሲሳ ግን ማሽኑ ፊት ቆሞ የልጁ ጉበት ቦታውን የሳተ እንዲሆን ይለምን ጀመር። «ዋቃዮ፣ ጉበቷም በግራ ይሁን። ጨጓራዋንም አዙረው። አንድም እንዳታስቀር፣ አደራህን።» እንዲህ ያለውን ጸሎት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጮክ ብሎ ቢጸልየው፣ ሽማግሌዎቹ ይህን ሰው ምን ነካው ባሉ ነበር።

ዶክተሯ መሣሪያውን ወደ ቀኝ ወሰደችው። ወደ ግራ መለሰችው። እሱ ስክሪኑ ላይ ቢያፈጥ ጭጋግ እንጂ ሌላ አልታየውም።

«ዶክተር፣ እባክዎን ይንገሩኝ። ጉበቷ የት ነው?»

«በግራ።»

«ጨጓራዋስ?»

«በቀኝ። ጣፊያዋም በቀኝ። ልቧንም አይቼዋለሁ፣ ክፍተት የለውም፣ ደህና ነው። ሁሉም በመስታወት እንደሚታይ ሆኖ ነው የዞረው። ሳሉ ተራ ጉንፋን ነው።»

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። እንባው መጣ፤ አልከለከለውም።

«እንደ ሴት ሸሚዝ ነዋ» አለ ትንፋሹን እየሰበሰበ። «ቁልፉ ከወንዱ በተቃራኒ ይዞራል እንጂ ሸሚዝነቱ አይቀርም።»

ዶክተሯ ሳቀች። «ልክ ነዎት። ግን ሐኪም ቤት በሄደች ቁጥር መናገር አለባችሁ። ትርፍ አንጀቷ እንኳ በግራ ነው፤ አንድ ቀን ቢያማት፣ ያላወቀ ሐኪም ጨጓራ ነው ብሎ ሊሸኛት ይችላል። የሚንከባከቧትም ሰዎች ይወቁት።»

ወጥቶ ለሚስቱ ለዓያንቱ ደወለላት። አለቀሰች፣ አመሰገነች፣ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«በቃ እዚሁ እኛ ጋ ይቅር። ሰፈር ከሰማ ጉድ ነው የሚላት። ነገ ስታድግ ማን ያገባታል?»

«ቶሌ» አላት። እሺ ማለቱ ነው፤ ያን ጊዜ እውነትም ልክ መስሎት ነበር።

የጎሬው ሚኒባስ ሊሞላ ሲል እትዬ ሀረገወይን ገብተው አጠገቡ ተቀመጡ። ጎረቤት ናቸው፤ እሱ ስፌቱ ላይ፣ ዓያንቱ ገበያ ስትውል ሆሳዕናን የሚይዙላቸው እሳቸው ናቸው።

«እህ ልጄ፣ ምን አሉህ?»

«ጉንፋን ነው» ሊል አፉን ከፈተ። ከዚያ ልጅቷ ሆዷን ይዛ የምታለቅስበት ቀን ታየው። ያን ቀን አቅፈዋት ወደ ክሊኒክ የሚሮጡት እኚሁ ሴትዮ ናቸው። እጃቸውን ያዘና የልጁ ቀኝ ደረት ላይ አስቀመጠው።

«ልቧ እዚህ ነው፣ እትዬ። የሆዷም ዕቃ ሁሉ እንዲሁ የዞረ ነው፤ ጤነኛ ናት። ካመማት ግን ለሐኪሙ መጀመሪያ ይህን ይንገሩልኝ።»

ሴትዮዋ እጃቸውን ሳያነሱ ጥቂት ቆዩ።

«ደህና አድርጎ ነው የሚመታው» አሉ።

ሚኒባሱ ተነሳ። ደቅሲሳ ስልኩን አውጥቶ እንደገና ለዓያንቱ ደወለ፤ ለእትዬ መናገሩን፣ ነገም ለመዋዕለ ሕፃናቷ መምህር እንደሚናገር ራሱ ሊነግራት።