የማዕዘን ቋሚ

የሺ ቋሚውን በአንድ እጇ ገፋ ብታደርገው ከሥሩ ቀንጠስ ብሎ ወደቀ፤ የእሾህ ሽቦውም አብሮት ተንጋለለ። ጎንበስ ብላ ስብራቱን አየችው። መሬት ውስጥ የነበረው ጠቁሮ እንደ በሰበሰ ድንች በጣት ይናዳል።

"ነግሬህ ነበር" አለች ቀና ሳትል።

ባሏ አያሌው ዶማውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ መጣ። "ምን ነገርሽኝ?"

"ባሕር ዛፍ በእርጥቡ፣ ከነልጣጩ፣ በክረምት አይተከልም ብዬህ ነበር። የጉና መሬት መቼ ይደርቅና።"

"አንቺ ያልነገርሽኝ ክፉ ነገር የለም። አንዱ መድረሱ አይቀርም።"

ሌሎቹን እየነቀነቁ ዞሩ። መሐል መሐል ያሉት እንደ ነገሩ ቆመዋል። የሽቦው ጉተታ ሁሉ የሚያርፍባቸው አራቱ የማዕዘን ቋሚዎች ግን አንድ ሳይቀር ከሥራቸው በስብሰዋል።

አጥሩ ውስጥ ያሉት የአፕል ችግኞች ገና ከወገቧ አላለፉም። ከደብረ ታቦር ተሸክሞ አምጥቶ የተከላቸው ልጃቸው ፈንታሁን ነው፤ ሽቦውንም የገዛው እሱ ነው። "ስመለስ ፍሬውን ታበይኛለሽ" ብሏት በጅቡቲ በኩል ወደ ሳውዲ ወጣ። አጥሩን አባቱ ጨረሰው። ፈንታሁን ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ከባሕሩ ዳር ነበር። አብረውት ጀልባ ከተሳፈሩት የሁለቱ ቤት መርዶ ገብቷል፤ እነሱ ቤት ግን እስካሁን የመጣ ሰው የለም። ውሻ በጮኸ ቁጥር የሺ መርዶ ነጋሪ ሽማግሌዎች መጡ ብላ ትነሣለች።

ጎረቤታቸው መልካሙ በሬዎቹን እየነዳ ሲያልፍ ቆመ።

"ጋሼ አያሌው፣ አጥሩ ሰከረ እንዴ?"

"ሳቅ አንተ። ነገ በሬህ ገብቶ ችግኙን ሲያጣጥም ትስቃለህ።"

"እኔ ምን ላድርግ ጋሼ? ገብሱ ተነሥቷል፤ ነገ ከብት ይለቀቃል። አንዴ ከተለቀቀ የማን ላም የማንን በላች የሚል የለም።" ወደ ወደቀው እንጨት በአገጩ አመለከተ። "ማዕዘኑን ጥድ አድርጉት። ጥድ እኛን ሁላችንን ይቀብራል።"

"ጥድ ከወዴት ይመጣል?" አለች የሺ። "የቀረው የቤተ ክርስቲያኑ ደን ነው። እሱን ማን ይደፍራል?"

 የመልካሙ ዓይን ወደ ጓሮው ሄዶ ቶሎ ተመለሰ። በሬዎቹን ነዳ።

ጓሮው ውስጥ ፈንታሁን ለትዳሩ የጀመረው ጎጆ አለ። ጭቃ አልተመታበትም፣ ክዳንም የለውም፤ ከአያቱ አሮጌ ቤት የወጡ አራት የጥድ ቋሚዎች ብቻ ቆመዋል። በመንደራቸው የሰው ጎጆ የሚነቀለው ባለቤቱ ሲሞት ነው።

"እኔ አላልኩም" አለ አያሌው።

"እኔም አላልኩም።"

እስከ ቀትር ሌላ ሞከሩ። ደረቅ ባሕር ዛፍ መርጠው፣ ልጣጩን ልጠው፣ ጫፉን በእሳት ለብልበው ተከሉ። አያሌው ሽቦውን ሲወጥረው ቋሚው እንደ ደጋን ጎበጠ። ሲያላላው እንጨቱ ቀና አለ፤ ሽቦው ግን ረግቦ ሣር ነካ።

"በዚህማ ጥጃም ያልፋል" አለና ተቀመጠ።

የሺ ዶማውን አንሥታ ወደ ጓሮው ሄደች። አያሌው የመጀመሪያውን የዶማ ድምፅ እስኪሰማ ድረስ አልተነሣም። ያን ሁሉ ክረምት መሬት ውስጥ የከረመው ጥድ ሲወጣ ቀይና ደረቅ ነበር፤ ትናንት የተፈለጠ ይመስል ይሸታል። ይህን ስታይ የሺ ፊቷን አዞረች። በበሩ በኩል ያለውን መጨረሻ ላይ ነቀሉት።

አያሌው አንዱን ማዕዘኑ ላይ ተክሎ ዙሪያውን በድንጋይ ጠቀጠቀው። ከዚያ ሽቦውን በገመድ ያስር ጀመር።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ሚስማር ይሰነጥቀዋል ብዬ ነው። ምናልባት ቢመጣ፣ መልሰን..." አልጨረሰውም።

በገመድ የታሰረ ሽቦ በሬ ሲታከከው እንደሚንሸራተት ሁለቱም ያውቃሉ። ከታች ከመንደሩ በኩል የከብት ደወል ይሰማል።  የሺ ገመዱን ፈትታ ጣለችው፤ ከጣሳው አንድ ሚስማር አውጥታ ጥዱ ላይ በሁለት ጣቷ ያዘችለት።

"ምታው" አለችው።