መርፌው የዞረበት ቦታ

አባቴ አባቦራ ስለ እኔ ሲጠየቅ «ፈድሊያ ግትር ናት እንጂ አትዋሽም» ይል ነበር። እውነቱን ነው። ልክ ከሆንኩ ልክ ነኝ፤ ማንም አይረታኝም። ይህ ጠባዬ ምን እንዳስከፈለኝ ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

በ1969 ዓ.ም. ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ከጅማ ወደ ሸቤ በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት ትናንሽ የቡና ከተሞች በአንዷ። የሳይንስ መምህራችን ለይኩን ከሸዋ የመጣ ቀጭን ወጣት ነው። አንድ ቀን ከብየዳ ቤት የለመነውን የብረት ብናኝ ወረቀት ላይ በተነና ከሥሩ ማግኔት አስጠግቶ ወረቀቱን በጣቱ መታ መታ አደረገው። ብናኙ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየጎበጠ ተሰለፈ።

«ይኼ መግነጢሳዊ መስክ ነው» አለን። «ብናኙ አሳየን እንጂ አልፈጠረውም፤ ድሮም አለ። ምድርም የራሷ መስክ አላት። የኮምፓስ መርፌ ሰሜንን የሚያሳየው ለዚህ ነው። አጠገቡ ብረት ካለ ግን ይዞራል።»

ትምህርት ቤቱ የነበረው አንድ ኮምፓስ ብቻ ነው። በየተራ ቤታችን እያሳደርን ግቢያችንን በየአምስት እርምጃው እንድንለካ፣ መርፌው የጠቆመበትንም በቀስት እንድንስል አዘዘን። «ሦስቴ ሳትለኩ እንዳትጽፉ» አለ።

ተራዬ ሲደርስ አባቴ ጅማ ሄዶ ነበር። መርፌው በግቢያችን ሁሉ ቀጥ ብሎ ሰሜንን እያሳየ ቆይቶ፣ አባቴ ቡና ከሚያሰጣበት ምንጣፍ ጥግ ስደርስ ዞረ። ሦስቴ ለካሁ፤ ሦስቴም ዞረ። ደብተሬ ላይ ከብቤ «ከሥሩ ብረት አለ» ብዬ ጻፍኩ። አሮጌ ማረሻ መስሎኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት የመሣሪያ አሰሳ ተጀመረ። መሣሪያ ደብቆ የተገኘ ይረሸናል ተባለ። አብዮት ጠባቂዎች የክፍሌን ልጅ ሙሐመድሳኒን መንገድ ላይ ፈትሸው ኮምፓሱንና ቀስት የሞላበት የግቢ ንድፍ አገኙበት። ማን እንዳሳለው ሲጠይቁት ቲቸር አለ። ለይኩንን ለፀረ አብዮተኞች ካርታ ያሰባስባል ብለው ወሰዱት።

በማግስቱ ደብተሬን ይዤ ቀበሌ ሄድኩ። ጩኸቱ ከበሩ ይሰማል። ለይኩን ጉልበቱ ሥር ዱላ ተሰክቶ ተዘቅዝቆ ተሰቅሏል፤ ውስጥ እግሩ ተልጦ ደሙ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። አንዱ ጠባቂ ላቡን ጠረገና በኤሌክትሪክ ገመድ እንደገና ገረፈው።

«ጓድ ከፈለ!» ብዬ ጮህኩ፤ የጠባቂዎቹ አዛዥ ነው። «ካርታ አይደለም፤ የቤት ሥራ ነው! የእኔን ይዩት።»

ስለ መርፌው፣ ስለ ሰሜን፣ ስለ ብረት ሁሉንም አስረዳሁት። ከፈለ ደብተሩን ይዞ በጥሞና ሰማኝ።

«እዚህ ጋ ታዲያ ለምን ዞረ?» አለ።

«ከሥሩ ብረት ስላለ።»

ለይኩን እንደተዘቀዘቀ አንገቱን ቀና አደረገ። አፉ በደም ተሞልቷል። «ተሳስታለች» አለ። «ሰነፍ ናት። ቢላዋ ይዛ ነው የለካችው። ዜሮ ነው የምሰጣት።»

ሰነፍ! የክፍሉ አንደኛ እኮ ነኝ። ላድነው በመጣሁት ሰው ላይ ደሜ ፈላ።

«አልተሳሳትኩም! ሦስቴ ለክቻለሁ፤ ቢላዋም አልያዝኩም! ካላመኑ ይምጡና ያስቆፍሩ!»

ለይኩን ዓይኑን ጨፈነ። ያኔም አልገባኝም።

ከፈለ ኮምፓሱን ከጠረጴዛው አነሳና «አውርዱት፤ ይሂድ» አለ። የመጣሁበት ጉዳይ ተሳካ። ደስ ብሎኝ ጠባቂዎቹን እየመራሁ ወደ ቤት ሄድኩ።

ከጅማ የተመለሰውን አባቴን ራሱን አስቆፈሩት። አካፋው ከሥሩ ያለውን እንዳይነካ ተጠንቅቆ ሲቆፍር ሳይ ገባኝ፤ ግን ረፍዶ ነበር። በጆንያ የተጠቀለለ ምንሽር ወጣ። ከፈለ ኮምፓሱን ባዶው ጉድጓድ ላይ ያዘው፤ መርፌው ሰሜንን አሳየ።

«ልክ ነበርሽ» አለኝ አባቴ በማያውቀው አማርኛ፣ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ።

አባቴን በሰደፍ አፉን መቱት። ጥርሱ ከነደሙ የተሰጣው ቡና ላይ ረገፈ። ሌላው ጎኑን በጫማ ደጋገመው። ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲያንበረክኩት ዞሮ አየኝ።

«ኤኙቱ ኢቲ ሂሜ፣ ፈድሊያ?» አለ። ማን ነገራቸው?

«ሂን ቤኩ፣ አባ» አልኩት። አላውቅም።

በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ዋሽቼው ስለማላውቅ አመነኝ። ከዚያ ተኮሱ።