የኤልመር ጥርስና የአጋዘን ሰሞን

ኤልመር ዛስትሮው ሰኞ ጠዋት ቢሮዬ ገብቶ ኮፍያውን ሳያወልቅ ቆመ። ለጨዋታ እንዳልመጣ ያወቅሁት በዚህ ነው።

«ላቮን፣ ያንን የህክምና ገንዘቤን በቼክ ጻፊልኝ። ረቡዕ ጡረታ መውጣቴ ነው፤ ጀልባ ልገዛበት ነው።»

ሳቄ አመለጠኝ። እሱ አልሳቀም። እሱማ ከሳቀ ቆየ። በረዶ ላይ ዓሣ ሲያጠምድ ተንሸራቶ የፊት ጥርሶቹን ካረገፈ ወዲህ አፉን በእጁ ሸፍኖ ነው የሚያወራው። ከዚያ በፊት ቅዳሜ ማታ አዳራሽ ውስጥ ትራምፔቱን ይዞ ሲነሳ ፖልካ የማይደንስ ሰው አልነበረም። ያለ ፊት ጥርስ ግን ትራምፔት አይነፋም። ሚስቱ ቨርና «ቤቴ ጸጥ አለብኝ» ትለኛለች፤ ጥርስ ማስተከያውን ደግሞ አቅማቸው አይችለውም።

እዚህ ዊስኮንሲን ባለችው ትንሿ የቺዝ ፋብሪካችን ደመወዝ የምሠራው እኔ ነኝ። የህክምናውን ሒሳብም የምይዘው እኔው ነኝ። ነገሩ ከባድ አይደለም። የፋብሪካዋ ባለቤት ሩት በየዓመቱ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ገንዘብ ትመድባለች። ሰውየው ከኪሱ ከፍሎ ይታከማል፣ ደረሰኝ ያመጣል፣ ያወጣውን እንተካለታለን፤ ግብርም አይነካውም። ያልተነካው ለሚቀጥለው ዓመት ይዞራል። ሌላው የመነጽሩንም የመድኃኒቱንም ደረሰኝ ይዞ ሲሰለፍ፣ ኤልመር አንድ ቀን እንኳ አምጥቶ አያውቅም።

«ገንዘቡ ያንተ አይደለም እኮ፣ ኤልመር።»

«ስሜ አለበት!»

«ስምህ አለበት፣ ገንዘቡ ግን የሩት ነው። ያንተ የሚሆነው ስትታከም ብቻ ነው። ረቡዕ ስትወጣ እሱ እዚሁ ይቀራል።»

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ዓመት ሳጠራቅም የኖርኩት?»

«ላም አለኝ በሰማይ ሆነብህ።»

ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። አሳዘነኝ፤ ብስጭቴም አልቀረም። እንዲህ ያለ ቆጣቢ መቼም የትም የለም።

«ጀልባ ህክምና አይደለም» አልኩት። «ጥርስ ግን ህክምና ነው።»

እጁ ወደ አፉ ሄደ። ለመጀመሪያ ጊዜ ኮፍያውን አወለቀ።

ማክሰኞ እየሮጠ መጣ። ያላቸውን ቁጠባ አሟጥጦ ለጥርስ ሐኪሙ ከፍሏል፤ ደረሰኙን ጠረጴዛዬ ላይ ለጥ አደረገው።

«ጥርሱስ?»

«ሐኪሙ አደን ሄዷል። በሚመጣው ሳምንት ይመለሳል።»

እንዴት ረሳሁት! በአጋዘን አደን ሰሞን እኛ ዘንድ የቧንቧ ሠራተኛ አይገኝ፣ ሐኪም አይገኝ፤ ቄሱ እንኳ ጫካ ናቸው።

«ኤልመር፣ የሚቆጠረው የከፈልክበት ቀን አይደለም። የታከምክበት ቀን ነው። ያኔ ደግሞ የኛ ሠራተኛ አይደለህም።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «የሐኪሙ ጸሐፊ የአክስቴ ልጅ ናት። ረቡዕ ታከመ ብላ ትጻፍልኝ?»

«ትጻፍ። ከዚያ እስር ቤት እየመጣህ ትጠይቀኛለህ።»

እጁን ይዤ ወደ ሩት ወሰድኩት። የላስቲክ ቦቲ ጫማዋን አድርጋ የወተቱ ገንዳ አጠገብ ቆማ ነበር።

«ረቡዕ ባይወጣስ?» አልኳት።

«የስንብቱ ኬክ ታዟል እኮ!»

«ኬኩን እንበላዋለን፤ ሰውየውን አንለቀውም። ታክሞ እስኪጨርስ።»

ሩት ኤልመርን ከላይ እስከ ታች አየችው። «እንደ ድሮው ጎህ ሳይቀድ ትገባለህ። ስምህን ብቻ መዝገብ ላይ አላቆይልህም።»

«እኔ እኮ አልጋዬ ናፍቆኝ ነው ጡረታ የምወጣው» አለ ኤልመር።

«አልጋህን ወይስ ጥርስህን?»

ጥርሱን መረጠ።

ረቡዕ ተሰናበትነው፤ ኬኩን ሳያኝክ ዋጠው። በማግስቱ ከዋለው የምስጋና በዓል በኋላ ጎህ ሳይቀድ ሲገባ የፋብሪካው ልጆች «ጡረታው እንዴት ነበር?» «አልለመድከውም እንዴ?» እያሉ አስጨነቁት። እሱ እያጉረመረመ ቺዙን ቆረጠ። ሐኪሙ ከጫካ ተመለሰ፤ ኤልመር ሁለቴ ሄዶ ተቀመጠለት፤ ጥርሱም ገባ። ደረሰኙ የታከመበትን ቀን በትክክል ይዞ መጣ፤ ያሟጠጠውን ቁጠባ ተካሁለት።

«ለትራምፔቱ ማስጠገኛስ?» አለኝ።

«እንዳትሞክረው።»

በሁለተኛው ስንብት ኬኩ አነስ ያለ ነበር፤ ሩት እንደሆነች ለአንድ ሰው ሁለት ትልቅ ኬክ አትገዛም። ቨርና ድንች በቺዝ ጋግራ መጣች። ኤልመር ወደ መኪናው ወጥቶ ያንን የትራምፔቱን ጥቁር ሳጥን ይዞ ገባ።

የመጀመሪያው ድምፅ ምጥ የያዛት ላም ድምፅ ነበር። ልጆቹ ሳቁ። ከንፈሩን ጠርጎ እንደገና ሞከረ፤ ያ የድሮ ፖልካ ተንደረደረ። ቨርና ሳህኗን አስቀመጠችና ሩትን ከነቦቲዋ ጎትታ መደነስ ጀመረች።

ሲጨርስ አጨበጨብን። ኤልመር ትራምፔቱን በሁለት እጁ እንደያዘ ሳቀ። አፉን አልሸፈነም። ቨርና አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት አለቀስኩ።