የደረቅ ሌሊቶች ሪፖርት

ተክለጻድቅ ልጁን የሌሊት ሽንት የሚያስተውበትን ዕቅድ ያወጣው በሐምሌ መጀመሪያ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ዕቅዱ ሰባት ገጽ ነበር። ልጁ ኦልያድ ገና ሦስት ዓመት ከአምስት ወሩ ስለሆነ ዕቅድ እንደወጣለት አላወቀም። በዚያ ሰዓት ፖፖውን ራሱ ላይ ደፍቶ፣ ወታደር ነኝ እያለ ግቢውን ይዞር ነበር።

ተክለጻድቅ የዕቅድና ክትትል ባለሙያ ነው። በአሥራ አራት ዓመት አገልግሎቱ ችግኝ ተከላ አቅዷል፣ የጽዳት ዘመቻ አቅዷል፣ ስለ ዕቅድ አወጣጥ የሚሰጥ ሥልጠናም አቅዷል። ያቀደው ሁሉ ተሳክቷል። ቢያንስ እሱ ጠረጴዛ ላይ የሚደርሰው ሪፖርት እንደዚያ ይላል።

የዚህኛው ዕቅድ ጉዳይ የሚያስቸኩል ነበር። ሚስቱ ጋዲሴ ኦልያድን ከወለደች ጀምሮ ቤት ውላ፣ አሁን ገና ኮተቤ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህርነት አግኝታለች፤ መስከረም ላይ ትጀምራለች። እስከዛሬ ልጁን በመያዝ ያገዟት እናቷ እማማ ሐመልማል ደግሞ፣ ሌላዋ ልጃቸው ልትወልድ ስለሆነ ለመስቀል ወደ ሰንዳፋ ይሄዳሉ። ስለዚህ ኦልያድ የካ ሚካኤል አጠገብ ያለው አጸደ ሕፃናት መግባት አለበት። ካልገባ ጋዲሴ ሥራዋን ሳትጀምረው ትተወዋለች። አጸደ ሕፃናቱ ልጆቹን ከምሳ በኋላ ያስተኛል፤ ዳይፐር የሚያደርግ ልጅ ደግሞ አይቀበልም ይባላል።

ዕቅዱ ሁሉንም በየረድፉ አስቀምጦታል። ዓላማው ኦልያድ ተክለጻድቅን እስከ ነሐሴ ሠላሳ ድረስ ሙሉ በሙሉ ደረቅ ማድረግ ነው። አመላካቹ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የሚታየው የፍራሹ ሁኔታ ነው። ልጁ የሚተኛው ከእማማ ሐመልማል ጋር ስለሆነ ፈጻሚ አካል እሳቸው ናቸው። ተከታታይ አካል አባት ነው። እናት በባለድርሻ አካልነት ተጠቅሳለች።

«ባለድርሻ?» አለች ጋዲሴ ወረቀቱን ገልበጥ አድርጋ። «ዘጠኝ ወር የተሸከምኩት በባለድርሻነት ነው?»

«አታሹፊ፣ ጋዲ። የዚህ ቤት ችግር ምን እንደሆነ ልንገርሽ? የባለቤትነት ስሜት አለመኖር ነው።»

«የዚህ ቤት ችግር ልጁ መሽናቱ መስሎኝ ነበር» አሉ እማማ ሐመልማል።

በመጀመሪያው ሳምንት ሰባቱም ሌሊት ቀይ ሆኑ። ተክለጻድቅ መኝታ ቤቱ በር ላይ በለጠፈው ሠንጠረዥ፣ እርጥብ ሌሊት በቀይ፣ ደረቅ ሌሊት በአረንጓዴ ይቀባል። ቀይ ባለ ቁጥር የመሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ ከመምጣቱ በፊት ግምገማ አለ። ሻዩ ይቀርባል፣ ማንም ሳይጠጣው ይቀዘቅዛል።

«እማማ፣ ከመኝታ በፊት ፈሳሽ እንዳይሰጠው የተቀመጠው አቅጣጫ ተተግብሯል?»

«ጠማኝ አለ፣ ሰጠሁት።»

«ይኼ እኮ የአፈጻጸም ክፍተት ነው።»

«ስድስት ልጅ አሳድጌያለሁ፤ አንዱም ትዳር ይዞ አልጋ ላይ ሸና ሲባል አልሰማሁም። ይተዋል ስልህ።»

«መቼ?»

«ሲተው።»

ተክለጻድቅ ማስታወሻው ላይ «የጊዜ ገደብ አልተቀመጠም» ብሎ ጻፈ።

ሐምሌ ደግሞ ሐምሌ ነው። ከእንጦጦ የወረደው ዝናብና ጉም ሰፈራቸው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ላይ ተኝቶ አይነሣም። አንዴ የረጠበ ፍራሽ በሦስት ቀኑም አይደርቅ። እማማ ሐመልማል ፍራሹን አንዴ ኩሽና፣ አንዴ በረንዳ ሲያዟዙሩ ወገባቸውን ያዛቸው። ተክለጻድቅ ይህንንም አየና በዕቅዱ ውስጥ «ስጋቶች» በሚለው ሥር አስገባው።

በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት እማማ ሐመልማል ሻይ እየቀዱ «ደረቅ» አሉ።

«ምን አሉ?»

«ፍራሹ ደረቅ ነው።»

ማክሰኞም ደረቅ፤ ረቡዕም ደረቅ። ሠንጠረዡ ለምለም እየሆነ ሄደ። ግምገማው ቀረ፤ ሻዩ በትኩሱ ይጠጣ ጀመር። ነሐሴ ሲያልቅ ተክለጻድቅ የመጨረሻዎቹን ሃያ ስምንት ቀናት ደምሮ አካፈለ፤ ቀይ የነበረው አንድ ሌሊት ብቻ ነው። ዘጠና ስድስት ነጥብ አራት በመቶ! መሥሪያ ቤት ውስጥ ተሞክሮውን ለባልደረቦቹ አካፈለ፤ ማለትም እሱ ያወራል፣ እነሱ ምሳቸውን እየበሉ ስለነበር የሚሄዱበት አልነበራቸውም። ፍራሹን ግን አንድም ቀን በእጁ ዳብሶ አያውቅም። መስክ መውረድ የፈጻሚ አካል ሥራ ነው።

የምዝገባውን ቅጽ ሲሞላ ጋዲሴ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር። «ሲተኛ ዳይፐር ያስፈልገዋል?» የሚለው ጥያቄ ላይ ሲደርስ ብዕሩን ያዝ አደረገችው።

«ተክሌ፣ እዚህ ጋ አልፎ አልፎ ብትልስ?»

«አልፎ አልፎ በቁጥር ስንት ነው?»

«እንዲያው ለማንኛውም ብዬ ነው።»

«ለማንኛውም የሚባል መልስ የለም። መረጃ አለኝ እኮ።»

«መረጃውን ማን ሰጠህ?»

«እናትሽ ናቸዋ!»

ጋዲሴ እናቷን አየች። እናቷ ከኦልያድ ፀጉር ውስጥ የሌለ ቆሻሻ መልቀም ጀመሩ። ምሳ በልቶ የሚተኛት አንድ ሰዓት እንደ ምንም ታልፍ ይሆናል ብላ ጋዲሴ እጇን ከብዕሩ ላይ አነሣች። ተክለጻድቅ «አያስፈልገውም» ብሎ ጻፈ፤ በቅንፍ ውስጥ ደግሞ ፐርሰንቱን ጨመረበት።

አዲስ ልጆች ውለው የሚታዩበት የሙከራ ቀን መስከረም ገብቶ አንድ ሐሙስ ዋለ። እማማ ሐመልማል ልጁን ጠዋት አደረሱት፤ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተክለጻድቅ ስልክ ጮኸ። ስብሰባ አቋርጦ ታክሲ ያዘ። አጸደ ሕፃናቱ በር ላይ ሲደርስ መጀመሪያ ዓይኑ ያረፈው አጥሩ ላይ ነው። ሰባት ትንንሽ ሰማያዊ ፍራሾች በተርታ ፀሐይ ላይ ተሰጥተዋል።

ቢሮው ውስጥ ጋዲሴና እማማ ሐመልማል ቀድመውት ደርሰዋል። ኦልያድ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ሮዝ ሱሪ ለብሶ ብስኩት ይበላል። ደስ ብሎታል። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጡት ርዕሰ መምህሯ ወይዘሮ ጵርስቅላ ናቸው፤ ሰፋ ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት።

«የእርስዎ ሦስተኛው ነው» አሉት።

«ምኑ?»

«ፍራሹ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ይኼ ሊሆን አይችልም» አለ ተክለጻድቅ፤ ስልኩን አውጥቶ የሠንጠረዡን ፎቶ አሳያቸው። «ይኸው፣ የሁለት ወር የተጠናቀረ መረጃ ነው።»

«አረንጓዴው ምንድን ነው?»

«ደረቅ።»

«አቶ ተክለጻድቅ፣ አንሶላውን የጠመዘዝኩት እኔ ነኝ።»

ተክለጻድቅ ወደ አማቱ ዞረ። «እማማ፣ ደረቅ ነው ሲሉኝ አልነበረም?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ?»

«ፍራሹን ነው የጠየቅኸኝ፤ ፍራሹ ደረቅ ነበር። ልጁን አንተ ስትተኛ ዳይፐር አደርግለታለሁ፣ ሳትነሣ አወልቅለታለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ስለ አፈጻጸም ክፍተት ሁለት ሳምንት ቁጭ አድርገህ ካስተማርከኝ ወዲህ።»

«ያቺ ቀይዋስ?» አለ ተክለጻድቅ፤ ድምፁ ቀጠነ። «ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ቀይ አለች እኮ!»

«እሷን ለማሳመኛ ነው የጨመርኳት። ሁሉም አረንጓዴ ሲሆን ትጠረጥራለህ ብዬ።»

ወይዘሮ ጵርስቅላ ሳል የመሰለ ነገር ሳሉ።

«አንቺም ታውቂያለሽ?» አላት ሚስቱን። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግረንህ ነበር እኮ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ። እርጥብ ስንልህ ስብሰባ ትጠራለህ፤ ደረቅ ስንልህ ቁርስህን በልተህ ትሄዳለህ።»

ተክለጻድቅ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ነገሩ አዲስ አልሆነበትም። ባለፈው ክረምት እንጦጦ ተዳፋት ላይ የተተከሉት ችግኞች ዘጠና ሁለት በመቶ ጸድቀዋል ብሎ የጻፈው እሱ ነው። ወጥቶ አላያቸውም። አለቃውም ወጥቶ እንደማያይ ያውቅ ነበር፤ ቁጥሩ ከዘጠና በታች ቢሆን ግን ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ እንደሚያሰበስበው ያውቃል። አለቃውም ደረቅ ሲሉት ቁርሱን በልቶ የሚሄድ ዓይነት ነው።

«እንግዲህ ስሙኝ» አሉ ወይዘሮ ጵርስቅላ፣ የቅጾቹን ክምር ጠረጴዛው ላይ እያስተካከሉ። «አሥራ አንድ ልጅ መጣ። አሥራ አንዱም ቅጽ ‹አያስፈልገውም› ይላል። እርስዎ ብቻ በነጥብ ጽፈውታል። ሰባቱ ሸኑ። ዳይፐር የሚያደርግ ልጅ አልቀበልም ብዬ አላውቅም፤ ወላጆች ናችሁ እርስ በርስ ስታወሩት የከረማችሁት። የሦስት ዓመት ልጅ ይሸናል፣ ይኼ ምን ይገርማል? እኔ የምፈልገው ለማን ዳይፐር እንደማደርግና ማንን እንደምቀሰቅስ ማወቅ ነው። ባዶ ቦታ አራት ቀርቶኛል፤ እውነቱን ለጻፈልኝ እሰጣለሁ።»

«ሌሎቹ ወላጆች ጻፉ?» አለ ተክለጻድቅ።

«ከእርስዎ በፊት የመጡት አባት ልጄን ያሸናው የዛሬው ብርድ ነው ብለው ሄዱ።»

ውጭ ፀሐዩ ያቃጥል ነበር።

አዲስ ቅጽ ከፊቱ ተቀመጠ። ሰኞ ማስተማር የምትጀምረው የጋዲሴ ዓይን ብዕሩ ላይ ነበር። ተክለጻድቅ አሰበ፤ ከዚያ «በሂደት ላይ ያለ» ብሎ ጻፈ።

«ምኑ ነው በሂደት ላይ ያለው?» አሉ ወይዘሮ ጵርስቅላ።

ሰረዘው። «መሻሻል የሚታይበት» ብሎ ጀመረ፤ እሱንም ራሱ ሰረዘው። ላብ በላብ ሆነ።

«ሌላ ቅጽ ልስጥዎ?»

«ይስጡኝ።» ወደ እማማ ሐመልማል ዞረ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ማስታወሻ ሳይዝ ጠየቃቸው። «እማማ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ዕቅዱ ከወጣ ወዲህ ስንት ሌሊት ደርቆ አደረ?»

«ሁለት» አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ «አንዱን ቀን ግን ጆሮው አሞት እንቅልፍ አልተኛም ነበር። እሱን ትቆጥረዋለህ?»

«ሁለት ሲካፈል ለስልሳ...»

«ፐርሰንት አያስፈልገኝም» አሉ ወይዘሮ ጵርስቅላ።

ተክለጻድቅ ጎንበስ ብሎ «በየሌሊቱ ይሸናል» ብሎ ጻፈ፤ ፈረመ። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ አጭር ሪፖርት ጽፎ አያውቅም። ወይዘሮ ጵርስቅላ ወረቀቱን አንብበው ማኅተም አሳረፉበት።

«ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ይምጣ። ዳይፐር ይዞ።»

ጋዲሴ ቦርሳዋን አነሣች። ደጅ ሲወጡ ወደ ኮተቤ የምትሄደውን ታክሲ እጇን ዘርግታ አስቆመችና፣ «የቅጥር ውሌን ልፈርም ነው። እማዬን ይዤያት እሄዳለሁ። ልጁንና ዳይፐሩን አንተ ያዝ» ብላው ገባች።

አባትና ልጅ የፈረንሳይን ዳገት እያለከለኩ ወጥተው ቤታቸው አጠገብ ካለው የጀማለዲን ሱቅ ደረሱ። ጀማለዲን ባንኮኒው ላይ ተደግፎ የኦልያድን ሮዝ ሱሪ አየ፤ አባትየውንም አየ። ከኋላቸው ዳቦ ልትገዛ የመጣች አንዲት ሴት ቆማለች።

«ዳይፐር ፈልጌ ነበር» አለ ተክለጻድቅ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«የተለመደውን?»

«የተለመደው የቱ ነው?»

«እማማ ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ፣ ነሐሴ ሙሉ የሚወስዱት ነዋ። ቁጥር አምስት።» ጀማለዲን ቅንድቡን ሰቀለ። «አንተ የትኛውን ነበር ያሰብከው?»

«ባለ ጥንቸሉን!» አለ ኦልያድ አባቱን ቀና ብሎ እያየ። «ዝሆኑ ይቆረቁረኛል። አታውቅም እንዴ?»

ሴትየዋ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነችው። ጀማለዲን ግን የሥራ ሰው ነው፤ መሰላሉን ወደ መደርደሪያው አስጠጋ።

«በፍሬ ልስጥህ በእሽግ? ለምን ያህል ጊዜ የሚሆን ነው? መቼ የሚተው ይመስልሃል?»

ተክለጻድቅ አፉን ከፈተ። የሩብ ዓመት፣ የግማሽ ዓመትና የዓመት ማጠናቀቂያ ቀኖች በጭንቅላቱ ውስጥ ተራቸውን ጠብቀው ቆመው ነበር። ልጁን አየ፤ ልጁ የባንኮኒውን ጠርዝ በምላሱ እየሞከረ ነው።

«እንጃ» አለ።

«እንግዲያው ትልቁን እሽግ ውሰድ» አለ ጀማለዲን፣ መሰላሉን እየወጣ።