የማዳበሪያ ዕዳና የሰርካለም እጅ

...ይሰረዝ አለ እንዴ፣ ማን፣ ወንዳወቅ፣ ይኸው ራሱ የወረዳው ፋይናንስ ኃላፊ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ አዳራሹ ፊት ቆሞ፣ የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣ ገበሬው ያልከፈለው የማዳበሪያ ዕዳ ከበጀታችን ይቆረጥ ተብሏል፣ እኛ ግን ዕዳው እንዲሰረዝ ክልሉን እንጠይቅ፣ በጀቱ ለጤና ኬላዎቹ ይዋል፣ ይላል፣ ሰርካለም ከኋላ ወንበር ሆና ትሰማዋለች። ይሰረዝ! ዛሬ ገና ታየህ?

በዘጠና ሁለት እንዲህ አላልክም። ማዳበሪያ የማይወስድ ፀረ ልማት ነው እያልክ በየደጁ ያስፈረምክ አንተ፣ ዝናቡ ቀረ፣ ማዳበሪያ ደግሞ ውሃ ካላገኘ እሳት ነው፣ ዘሩን ፈጀው፣ ይኼን የዋግ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ አንተ ግን ሚሊሻ አስከትለህ መጣህና ዳልቻውን በሬ ከቀንበር ሥር ፈታህ። ባሏ የኔሰው፣ ያ ዝምተኛ፣ ጌታዬ እስከ መኸር ይታገሡኝ ብሎ ጉልበትህን ሲስም ምን አልከው፣ ዞር በል። በሬው ሰቆጣ ገበያ ተሸጠ፣ የኔሰው የበሬ መግዣ ላገኝ ብሎ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወረደ፣ ወባ እዚያው አስቀረው፣ መርዶው ብቻ መጣ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። የንስሐ አባቷ ቄስ ወልደ ኢየሱስ፣ ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ነው ይሏታል፣ እሺ አባቴ ትላለች፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሳትወጣ እንደገና ታብሰለስላለች። ለምክር ቤቱ ሴት ትመረጥ ሲባል እኔ አለሁ ያለችውም ለልማት አይደለም፣ ምን ያስዋሻል፣ እሱ ያለበት አዳራሽ ለመግባት ነው።

አንዱ አባል፣ ገብረ አምላክ፣ ተነሥቶ ይከራከራል፣ ዛሬ ዕዳ ከተሰረዘ ለከርሞ ማን ይከፍላል፣ ጥሪቱን ሸጦ የከፈለውስ ሞኝ ነው ወይ። እውነቱን ነው። ወይም አይደለም፣ ለእሷ ምን ቸገራት፣ የወንዳወቅ ሐሳብ ይውደቅ እንጂ። የሚደግፉ፣ ይላሉ አፈ ጉባኤው፣ ተቆጠረ። የሚቃወሙ፣ ተቆጠረ፣ እኩል ለእኩል፣ ሰርካለም ብቻ ቀረች፣ ሁሉም ዞሮ ያያታል፣ እሱም ያያታል፣ ግንባሩ አልቦታል፣ እሰይ፣ ላብህ ይውረድ!

የኛም ቀበሌ ጤና ኬላ አለበት እኮ፣ ድንጋዩ ተከምሯል፣ እሷ ራሷ በጀርባዋ አመላልሳለች፣ ልጇ ባንቺ ደግሞ ሰባተኛ ወሯ ነው፣ የመጀመሪያዋ፣ እግሯ አብጧል፣ እናቴ እፈራለሁ ትላለች ማታ ማታ። ይቅር። እኔ ስወልድ ማን ነበረኝ። አይ፣ ልጄ ናት እኮ፣ ምን ነካኝ፣ እጄን...

እጇ ወጥቷል፣ ከሚቃወሙት ጋር።

ወንዳወቅ ወረቀቱን ያጥፋል፣ ይቀመጣል፣ ደስ አላት፣ ስድስት ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ደስታ ነው፣ ይኼው ነው እንዴ። እህታችን፣ ተቆጥረሻል፣ እጅሽን አውርጂ፣ ይላሉ አፈ ጉባኤው። አታወርድም። ካወረደችው ስብሰባው ያልቃል፣ ስብሰባው ካለቀ ወደ ቤት መሄድ አለ፣ ባንቺ ሆዷን ደግፋ ደጅ ቆማ፣ እናቴ፣ ጤና ኬላው አለፈልን ወይ፣ ማለቷ አለ።