የአቶ ገደፋው ቢላዋ አፎት

እኔ አድማሴ፣ ፍኖተ ሰላም ዳር ቆዳ እያለፋሁ የምኖር ሰው ነኝ። የቆዳ ሽታ አያስጠላኝም። የሚያስጠላኝ ሰው ነው፤ ከሰውም አቶ ገደፋው።

የጅጋው አቶ ገደፋው ባለፈው ወር የአባቱን ተዝካር አወጣ። የቤቱን ጠፍርና አፎት ሁሉ የምሰፋለት ስለሆንኩ እኔም ተጠራሁ። እንግዳው ዳስ ውስጥ ተቀመጠ፤ እኔን ፋቂ ነው ብለው ከአጥሩ ጥግ አስቀምጠው ምግቡን በኮባ ቅጠል አቀረቡልኝ። አንዱ ጎረምሳ፣ «በክት የለመደ አፍ ዛሬ የታረደ ቀመሰ!» ሲል ተሳሳቁ። ገደፋውም ሳቀ። አባቴም አያቴም ይህንን ስድብ ሲውጡ ነው የኖሩት፤ በክት ግን ቤታችን ገብቶ አያውቅም።

በማግስቱ ገደፋው አፍንጫውን በጋቢው ሸፍኖ በባጃጅ መጣ። የተዝካሩን በሬ ቆዳና የታረደበትን ቢላዋ ደጄ ላይ ጣለልኝ።

«ከራሱ ከበሬው ቆዳ አፎት ስፋልኝ። የአባቴ ማስታወሻ ይሁን።»

ቆዳውን ዘፍዝፌ ስገለብጠው ደነገጥኩ። በሥጋው በኩል ደም ሥሮቹ ጥቁር ደም እንደያዙ ከዳር እዳር ተዘርግተዋል። በሕይወቱ የታረደ ከብት ደሙ ይፈሳል፤ ቆዳው እንዲህ አይሆንም። ገደፋው ቢላዋውን ያሳረፈው ሞቶ ባገኘው በሬ ላይ ነው! ድግሱ እንዳይጎድልበት ብሎ ቄሱንም፣ ጎረምሳውንም፣ እኔንም በክት አብልቶናል።

ጓሮ ሄጄ አስመለስኩ።

ለማን ልናገር? የፋቂን ቃል ማን ይሰማል? ቆዳውን አለፋሁት፤ በወስፌ እየበሳሁ በጅማት ሰፋሁት። የሥጋውን ፊት ግን ወደ ውጭ አደረግሁት።

ሊወስድ ሲመጣ አፎቱን እያገላበጠ አየው።

«ይኼ ጥቁር ጥቁሩ ምንድን ነው?»

«ያልፈሰሰ ደም ነዋ፣ ጌታው።»

ፊቱ ዐመድ መሰለ። ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ገልብጠህ ስፋው።»

«እኔስ እጄን ታጥቤያለሁ። ቡሬም ደምበጫም የሚሰፋ አለ፤ ይውሰዱለት። ግን እሱም እንደኔው ቆዳ ያውቃል።»

አፍንጫውን ሸፍኖበት በመጣው ጋቢ አፎቱን ሸፍኖ ሄደ።